ድምፅ የሰጠ ይሸከም

ስለ ዲፋይ የሚያነሳብኝ ሰው ሁሉ ስለ ቶከን፣ ማለትም ስለ ዲጂታል ሳንቲም፣ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ይሄ ቶከን ይጨምራል ወይስ ይወርዳል?» ሜክሲኮ አካባቢ አብሮኝ የሚሠራው ልጅም፣ አራት ኪሎ ማኪያቶ አዝዞ ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ተማሪም ጥያቄያቸው ይኸው ነው። ስለ ዋጋ መጠየቅ ነውር የለውም። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲሻገር አይተናል። ያን ያየ ሰው ጥሪቱን የሚያሳድርበት ቦታ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

እኔ ግን ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር መታወቅ አለበት ባይ ነኝ። ደንቡን መቀየር የሚችለው ማን ነው? የቀየረው ሰውስ ነገር ሲበላሽ አብሮ ይከስራል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ በጣም ያሳስበኛል። ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለእሱ ስል ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ልጀምር። ዲፋይ የባንክን ሥራ ያለ ባንክ ለመሥራት የተነሳ ነገር ነው። ማበደር፣ መበደር፣ መመንዘር። መስኮት ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ የለም፤ ሥራ አስኪያጅ የለም፤ ማህተም የለም። በእነሱ ፋንታ ስማርት ኮንትራት የሚባል ፕሮግራም አለ። አብዛኛው የተገነባው እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ በጀመረው፣ ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን፣ ማለትም ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠብቁት መዝገብ ላይ ነው። (ከዚህ በታች የማነሳቸው የውጭ ታሪኮች ዓመታቸው በፈረንጆቹ ነው።) ፕሮግራሙ አንዴ ከተጫነ ማንም ከየትም ሆኖ ይጠቀምበታል። ማንም ከፍቶ ያነበዋል።

እዚህ ባንክ ብድር ስትጠይቅ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ታስይዛለህ። ሜከር በሚባለው መድረክ ላይ ደግሞ ሰው ሲያስይዝ የኖረው በዋናነት ኢተርን፣ ማለትም የኢቴሪየምን ገንዘብ ነው። 100 ዳይ ለመበደር ቢያንስ 150 ዶላር የሚያወጣ ኢተር ማስያዝ ነበረበት። ዳይ ዋጋው ከአንድ ዶላር እንዳይርቅ ተደርጎ የተሠራ ገንዘብ ነው። ያስያዝከው ኢተር ዋጋው ከወሰኑ በታች ከወረደ ፕሮግራሙ አይደውልልህም፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም አይጽፍልህም። መያዣህን ለጨረታ ያወጣዋል።

ታዲያ 150 ያለው ማነው? ለምን 130 አልሆነም? ወለዱንስ ማን ቆረጠው? የአስተዳደር ቶከን የሚባለው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የሜከሩ ኤምኬአር ይባል ነበር። ቶከኑን የያዘ ሰው እንዲህ ባሉ ነገሮች ላይ ድምፅ ይሰጣል። የሚቆጠረው ግን ሰው አይደለም፤ ቶከን ነው። አንድ ያለው አንድ ድምፅ፣ ሺህ ያለው ሺህ ድምፅ። በ2020 ክረምት ኮምፓውንድ የተባለው የብድር መድረክ ኮምፕ የተሰኘ ቶከኑን ለተጠቃሚዎቹ ማደል ሲጀምር ነገሩ ተቀጣጠለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ዩኒስዋፕ የተባለው የመመንዘሪያ መድረክ ከዚያ በፊት ለተጠቀመበት አድራሻ (የዲጂታል ሒሳብ ቁጥር) ሁሉ ዩኒ የተሰኘ ቶከኑን 400 ሰጠ። በዚያን ሰሞን ዋጋ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ብዙዎች ወዲያው ሸጡት። ድምፅ መሆኑን ልብ ያለው ጥቂት ነበር።

እዚህ አገር ስለ ድምፅና ገንዘብ ሳስብ ከእድር የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የእናቴ እድር ድሮ ፒያሳ ነበር የሚሰበሰበው። ሰፈሩ ሲነሳ አባላቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበታተኑ። እድሩ ግን አልፈረሰም። እሁድ ጠዋት ከሩቅ በታክሲ እየመጡ ይሰበሰባሉ። አንድ ቀን እናቴን አድርሼ እዚያው ቁጭ ብዬ ስሰማ፣ አጀንዳው አዲስ ድንኳን ነበር። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ትልቅ ድንኳን ይገዛ አለ። ብረቱ ከባድ፣ ሸራው ሰፊ፤ ሲከራይም ገቢ ያስገባል። አሳምሮ ተናገረ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

ዳኛው ጋሼ የምንላቸው አዛውንት ናቸው። መዝገቡን ከፊታቸው አድርገው ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ለመሆኑ ድንኳን የምትተክሉት እነማን ናችሁ? እስቲ እጃችሁን አውጡ» አሉ። ሰባት ስምንት ጎረምሳ እጁን አወጣ። «መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ» አሉ። ልጆቹ ብረቱን ማን እንደሚሸከም፣ ሌሊት ለቅሶ ሲደርስ ስንት ሰው እንደሚገኝ፣ የት እንደሚቀመጥ አንድ በአንድ አወጡት። እትዬ አንዷ ደግሞ ከኋላ ሆነው፣ «የኔ ልጅ ነው የሚሸከመው፤ እኔም ልጠየቅ» አሉ። ከዚያ በኋላ ነው ድምፅ የተሰጠው። መካከለኛው ድንኳን ተመረጠ።

ከዚያ ስብሰባ አንድ ነገር ልቤ ውስጥ ቀረ። የአባላቱ ድምፅ እኩል ነው፤ ግን ሸክሙ የሚያርፍበት ሰው ቀድሞ ይሰማል። ደግሞ አዲስ አባል ዛሬ ገብቶ ዛሬ ደንብ አይቀይርም። መግቢያውን ከፍሎ፣ ወራት ቆይቶ፣ ለቅሶ ደርሶ ነው ቃሉ የሚከብደው። ዲፋይ ላይ የደረሱ ትልልቅ ጉዳቶችን በዚህ ዓይን ሳያቸው ነገሩ በደንብ ይገባኛል።

የሜከርን ልንገራችሁ። ማርች 12 ቀን 2020፣ ኮቪድ ዓለምን ባስደነገጠበት ሳምንት፣ የኢተር ዋጋ በአንድ ቀን ከ40 በመቶ በላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ ለመሸጥ ሲሯሯጥ መረቡ ተጨናነቀ። ለእያንዳንዱ ዝውውር የሚከፈለው ጋዝ የሚሉት ክፍያ ሰማይ ነካ። ሜከር ላይ የተበዳሪዎች መያዣ ለጨረታ ወጣ። ጨረታው ላይ የሚሳተፉት በአብዛኛው ፕሮግራሞች ናቸው። የብዙዎቹ ትእዛዝ መረቡ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ። ጨረታው ግን ሰዓቱን ጠብቆ ተዘጋ። ዜሮ ዳይ ብለው የገቡ ጥቂት ተጫራቾች ተፎካካሪ ስላልነበራቸው አሸነፉ። ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ ኢተር በነጻ ሄደ።

መድረኩ ጎደለ። ዳይ ወጥቷል፤ ከጀርባው ያለው መያዣ ግን የለም። ደንቡ ለእንዲህ ያለ ቀን ያስቀመጠው መላ ነበር። አዲስ ኤምኬአር ታትሞ ይሸጣል፣ ጉድለቱ በዚያ ይሞላል። ወደ 21 ሺህ የሚጠጋ አዲስ ቶከን ወጥቶ ከ5 ሚሊዮን በላይ ዳይ ተሰበሰበ። ይህ ማለት ቀድሞ ቶከን የያዘው ሁሉ ድርሻው ቀጠነ። ያንን የጨረታ ደንብ በድምፁ ያጸደቀ ሰው፣ ደንቡ ሲከሽፍ ከኪሱ ከፈለ። ዲፋይን ቁም ነገር ብዬ እንድይዘው ያደረገኝ ይህ ነው። ገንዘብ ስላተረፈ ሳይሆን፣ ወሳኙ ሲከፍል ስላየሁ።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። መያዣቸው በዜሮ የተሸጠባቸው ተበዳሪዎችስ? የሚያውቁት ቅጣት 13 በመቶ ነበር። የተቀረው ይመለስልናል ብለው ነው የገቡት። ብዙዎቹ ሁሉንም አጡ። ካሳ ይከፈላቸው ወይ የሚለው ሐሳብ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ለቶከን ባለቤቶች ቀረበ። አብላጫው አይከፈል አለ። ይህን ውሳኔ አልቀበለውም። መድረኩን ለማዳን የከፈሉት ሰዎች ተጠቃሚው ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰበሰቡ። የድንኳን ተካዮቹን ማንም አልጠየቃቸውም። ተበዳሪው ቶከን ከሌለው፣ የተወሰነው በእሱ ላይ ቢሆንም፣ እጁን የሚያወጣበት ቦታ አልነበረውም።

ከዚህ የሚብሰው ቢንስቶክ የተባለው የዲፋይ መድረክ ታሪክ ነው። ረጋ ብዬ ላስረዳው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚያስተምረው እሱ ነውና።

ፍላሽ ሎን የሚባል ብድር አለ። ያለ ምንም መያዣ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ትበደራለህ። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ በዚያው አንድ ዝውውር ውስጥ መመለስ አለብህ። ካልመለስክ ዝውውሩ በሙሉ እንዳልተደረገ ይሰረዛል። አበዳሪው ብድሩ ሳይመለስ ይቀራል ብሎ አይሰጋም። በራሱ ብልህ ፈጠራ ነው፤ ለመልካም ሥራም ይውላል።

ቢንስቶክ ላይ ደግሞ ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ድምፅ ያገኛል። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የደገፈው ሐሳብ ከቀረበ 24 ሰዓት ካለፈው ወዲያው ሊፈጸም ይችላል። ለአደጋ ጊዜ ተብሎ የተቀመጠ አንቀጽ ነው። በኤፕሪል 2022 አንድ ሰው ሁለት ሐሳብ አቀረበ። አንደኛው ለዩክሬን 250 ሺህ ዶላር ይለገስ የሚል ነበር። ሌላው የመድረኩን ካዝና ወደ አቅራቢው የሚያዞር ነበር። ሐሳቦቹ በይፋ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጡ። ማንም አላስቆማቸውም።

ቀኑ ሲሞላ ሰውየው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር በፍላሽ ሎን ተበደረ። አስቀመጠው። ከሁለት ሦስተኛ በላይ ድምፅ አገኘ። ለራሱ ሐሳብ ድምፅ ሰጠ። ሐሳቡ ጸደቀ፣ ተፈጸመ፣ ካዝናው ተራቆተ። ብድሩን መለሰ። ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ዝውውር ውስጥ ነው፤ ስልክ አንስቶ «ሄሎ» እስኪባል እንኳ አይቆይም። መድረኩ ላይ የደረሰው ጉዳት ወደ 182 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። አጥቂው ይዞት የሄደው ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ኮዱ አልተሰበረም። የተጻፈው ደንብ እንደተጻፈው ሠራ። የተበላሸው ድምፁ ነው። ያ ሰው ድምፅ ሲሰጥ የያዘው ገንዘብ የራሱ አልነበረም። ውሳኔው የሚያመጣው ጉዳት እሱን አይነካውም። ከውሳኔው በኋላ አንዲት ደቂቃ እንኳ አባል ሆኖ አልቆየም። እድር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እጁን ቢያወጣ፣ «ልጄ፣ አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» ይባላል። ፕሮግራም ይህን እንዲጠይቅ ካልተጻፈለት አይጠይቅም። ቢንስቶክ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲከፈት ያንን የቅጽበት ድምፅ ትቶት ነበር። ቁልፉ ለጊዜው በጋራ በሚፈርሙ ሰዎች እጅ ሆነ።

ስለዚህ ለእኔ ትልቁ መከላከያ ጊዜ ነው። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት መቆያ፣ ከተሰጠ በኋላም መቆያ። ከርቭ የተባለው መድረክ ከዚህ ጠንከር ያለ መንገድ ይዟል። ቶከንህን እስከ 4 ዓመት ትቆልፈዋለህ፤ ረዘም ያለ ጊዜ የቆለፈ የበለጠ ድምፅ ያገኛል። ውሳኔህ መድረኩን ቢያበላሽ ሸጠህ መውጣት አትችልም፤ አብረኸው ትቆያለህ። ድምፅን በክፍያ የሚገዛ ገበያ ዙሪያውን በቅሎበታል፤ ይህን አውቃለሁ። ያም ሆኖ አሳቡን እወደዋለሁ።

ጊዜም ዋጋ ያስከፍላል። በ2021 መስከረም መጨረሻ ኮምፓውንድ ላይ በድምፅ ያለፈ ማሻሻያ ስህተት ይዞ ገባ። ለተጠቃሚዎች መሰጠት ከሚገባው በላይ ቶከን መርጨት ጀመረ። ስህተቱ ወዲያው ታወቀ። ግን ማረሚያው ራሱ በድምፅ ማለፍ፣ መቆያውንም መጠበቅ ነበረበት። አንድ ሳምንት ገደማ። በአስር ሚሊዮኖች ዶላር የሚገመት ቶከን እየፈሰሰ፣ ሁሉም ቆሞ አየ። ይህን የሚያነሳ ሰው መቆያ ይቅር ይላል። እኔ አልስማማም። የሚዘገይ እርማት ያማል፤ የማይዘገይ ዝርፊያ ግን ይገድላል።

ሌላው ነገር የድምፁ ክምችት ነው። ቼይናሊሲስ የተባለው የብሎክቼይን ጥናት ድርጅት በ2022 በቶከን ድምፅ የሚተዳደሩ አሥር ትልልቅ ተቋማትን አይቶ፣ ከቶከን ባለቤቶች ከ1 በመቶ በታች የሆኑት 90 በመቶውን ድምፅ እንደያዙ ጽፏል። የማይማከል የተባለው ነገር በጥቂት ኪስ ተማክሏል ማለት ነው። አገራችን ይህን ችግር በባንክ በኩል ታውቀዋለች። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ከመንግሥት በቀር አንድ ሰው ከባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ እንዳይዝ ከልክሎ ነበር። ብሎክቼይን ላይ እንዲህ ያለ ጣሪያ ብታበጅ አይሠራም። አንድ ሰው ሺህ ዋሌት ከፍቶ ሺህ ሰው ይመስላል። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ለማለት መጀመሪያ ሰውየው አንድ መሆኑ መታወቅ አለበት። እንደ ፋይዳ ያለ መታወቂያ ከዚህ ዓለም ጋር ቢገናኝ ምን ይፈጠራል ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ጥቅሙም ስጋቱም ይታየኛል።

ክምችት ብቻ ሳይሆን እንቅልፍም አለ። በጁላይ 2024 ኮምፓውንድ ላይ ቁጥሩ 289 የሆነ ሐሳብ ቀረበ። 499 ሺህ ኮምፕ፣ በሰዓቱ ዋጋ ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር፣ ከጋራ ካዝና ወጥቶ ሐሳቡን ያቀረበው ቡድን ወዳዘጋጀው ቦታ ይሂድ የሚል ነው። ተመሳሳይ ሐሳብ ከዚያ በፊት ሁለቴ ቀርቦ አልተሳካም። በሦስተኛው አለፈ። ስታዲየም አጠገብ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ውጤቱን በስልኬ ከፈትኩት። ሁለት መስመር ነው፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። ድጋፍ 682,191። ተቃውሞ 633,636። ከሥሩ በዜሮና በኤክስ የሚጀምሩ ረጃጅም አድራሻዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ስንት ድምፅ እንደሰጠ አጠገቡ ተጽፏል። የኮምፕ ጠቅላላ ቁጥር 10 ሚሊዮን ነው። አብዛኛው ቶከን እዚያ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ነገሩ በኋላ በድርድር ተቀለበሰ፤ ያንን ያመጣው ግን የተቀሰቀሰው ጩኸት ነው።

ደስ የሚለኝ ነገርም አለ። ያን ዝርዝር ያየሁት ማንንም ሳላስፈቅድ ነው። በ2023 አንድሪሰን ሆሮዊትዝ የተባለው የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅት ዩኒስዋፕ ላይ 15 ሚሊዮን ድምፅ ይዞ አንድ ሐሳብ ተቃወመ፤ ሐሳቡ ግን አለፈ። ከአዲስ አበባ ሆኜ የካሊፎርኒያ ገንዘብ እንዴት ድምፅ እንደሰጠ አነባለሁ። ይህን ያህል ግልጽነት ያለው የገንዘብ ተቋም ሌላ ቦታ አላየሁም። ስለ ዲፋይ የምቆረቆረውም ለዚህ ነው።

የእኛን ልጆች ሳይ ታዲያ ይቆጨኛል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት፣ ስልክ እየጠቀጠቁ ቶከን የሚጠብቁበት የሃምስተር ጨዋታ ሰሞን ታስታውሳላችሁ። ታክሲ ውስጥ፣ ካፌ ውስጥ፣ ሰልፍ ላይ፣ ስልክ የማይጠቀጥቅ ወጣት አልነበረም። ትጋቱ የሚደነቅ ነው። ኤርድሮፕ፣ ማለትም ቶከን በነጻ ማደል፣ ምን እንደሆነ ዛሬ የማያውቅ የሰፈር ልጅ ጥቂት ነው። ያንን ትጋት ግማሹን እንኳ ኮንትራት ለማንበብ ብናውለው የት በደረስን! የቢንስቶክ ሐሳብ 24 ሰዓት ተዘርግቶ ነበር። ሶሊዲቲን፣ ማለትም ስማርት ኮንትራት የሚጻፍበትን ቋንቋ፣ የሚያነብ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ አይቶት ተጠራጥሮ ቢጮህ ሊሰማ ይችል ነበር። ኮድ መርምሮ ስህተት ላገኘ ሰው ብዙ መድረኮች ሽልማት ይከፍላሉ። ይህ ሙያ ነው፤ የሚለመድ ሙያ።

ሕጉንም መርሳት የለብንም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ በአገሪቱ የሚገበያዩበት ገንዘብ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን ተናግሯል። ገንዘብህ እዚያ ቢጠፋ አቤት የምትልበት ቢሮ እዚህ የለም። እኔም ቶከን ግዙ እያልኩ አይደለም። ማንበብ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ስለ አንድ ቶከን ስጠየቅ የዋጋውን ግራፍ አልከፍትም። የድምፅ መስጫውን ገጽ ነው የምከፍተው። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ስንት ቀን መቆያ አለ? ካለፈ በኋላስ? ትልልቆቹ አምስት አድራሻዎች አንድ ላይ ቢሆኑ ብቻቸውን ያሳልፋሉ? ደንቡ ሲከሽፍ ጉድለቱ ከማን ይወሰዳል? ዩኒስዋፕ ላይ ለምሳሌ ሐሳብ እንዲያልፍ ቢያንስ 40 ሚሊዮን የድጋፍ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ ጠቅላላው ሲጀመር 1 ቢሊዮን ነበር። ባለፈው አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ይህን እያሳየሁት፣ ቶከን መያዝ ብቻውን ድምፅ እንደማያሰጥ ነገርኩት። መጀመሪያ ድምፅህን ለአንድ አድራሻ፣ ለራስህም ቢሆን፣ በውክልና መስጠት አለብህ። ካልሰጠህ ቶከንህ ዋጋ ይኖረዋል፤ ቆጠራው ላይ ግን የለም። ልጁ ስልኩን ተቀብሎኝ፣ ውክልና የተቀበሉትን ሰዎች ዝርዝር ከላይ ጀምሮ ማንበብ ጀመረ። ማን እንደሆኑ፣ ባለፉት ውሳኔዎች ላይ ምን እንዳሉ፣ አንድ በአንድ ይጠይቀኝ ገባ።